እጅ ብቻውን አይነካም

ጋቢ የሚገዛን ሰው ልብ ብላችሁ እዩት፤ ደብረ ማርቆስ ይሁን ሞጣ፣ ዳንግላ ይሁን ቢቸና። መጀመሪያ እጥፋቱን ፈትቶ ወደ ብርሃን ያነሣዋል፤ የት ጋ እንደሳሳ፣ የት ጋ ፈትሉ እንደወፈረ ያያል። ቀጥሎ ጠርዙን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ይዞ ያሸዋል። ሲያሸው ደግሞ ራሱን ወደ ጨርቁ ዘንበል ያደርጋል። በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ሲታሽ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለበት ግን ቀጠን ያለ ሽርሽርታ አለው። ከዚያ "ይኼስ ይሞቃል" ብሎ ዋጋ መከራከር ይጀምራል። ፍርዱን የሰጠው ጣቱ ይመስለዋል። ዐይኑና ጆሮው ግን አብረው ፈርደዋል፤ እንዲያውም ቀድመው።

ነገሩ የጋቢ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት። ልጅ ስናስተኛ፣ መርፌ ስንወጋ፣ የታመመ ስናገላብጥ፣ ሐዘንተኛ ስንደግፍ ሐሳባችን ሁሉ እጃችን ላይ ነው። እጃችን ለስልሶ ሳለ ፊታችን ወይም ድምፃችን ሥራውን ሲያፈርሰው አይታየንም። ብዙ ሕፃን ሳያስፈልግ የሚያለቅሰው፣ ብዙ በሽተኛ ሳያስፈልግ የሚደነግጠው በዚህ የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ። ለማስተካከል ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከቆዳ ወደ አንጎል የሚሄዱት የንክኪ ነርቮች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ለዛሬው ሁለቱ ይበቁናል። አንደኞቹ ወፈር ያሉ፣ በስብ ሽፋን የተጠቀለሉና ፈጣን ናቸው፤ መልእክታቸው በሰከንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር ይሄዳል። ምን እንደነካን፣ የት ላይ እንደነካን፣ ሸካራ ይሁን ልሙጥ የሚነግሩን እነሱ ናቸው። ሁለተኞቹ ቀጫጭን፣ ሽፋን አልባና ዘገምተኛ ናቸው፤ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ብቻ። ጠጉር በሚያበቅለው ቆዳ ላይ፣ ማለትም በክንድ፣ በጀርባና በጭን ይገኛሉ፤ መዳፍ ላይ ግን በጣም ጥቂት ናቸው። የእነዚህ ሥራ ዝርዝር መናገር ሳይሆን ስሜት ማድረስ ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት፣ እነዚህ ነርቮች አብዝተው የሚነሡት ቆዳ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ፍጥነት ሲዳበስ ነው፤ ሰዎችም "ደስ ይላል" የሚሉት በዚያው ፍጥነት ነው። የሚነካቸው ነገር ሙቀትም ከቆዳ ሙቀት ጋር፣ ማለትም ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ጋር ሲቀራረብ ይበልጥ ይስማማቸዋል።

ሞክሩት። ከእጅ አንጓ እስከ ክርን መታጠፊያ የአዋቂ ክንድ 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ያን ርቀት በ8 ሰከንድ ስትሄዱት በሰከንድ 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የሚስማማው ልክ እዚያ አካባቢ ነው። ከ1 ሰከንድ በታች ከጨረሳችሁት አቧራ ማራገፍ እንጂ መዳበስ አይባልም። አንድ ደቂቃ ከፈጀባችሁ ደግሞ ቆዳ ላይ ትል የሚሄድ ይመስላል። ሙከራውን ሌላ ሰው ያድርግላችሁ፤ የራስን እጅ አንጎል አስቀድሞ ስለሚያውቀው ስሜቱ ይደበዝዛል። ጮቄ ሥር ባሉት ደጋ ቀበሌዎች በሐምሌ ጠዋት የሚዘረጋ እጅ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ ቢስተካከልም ብርዱ ያፈርሰዋል። መጀመሪያ ብብት ሥር ወይም የሻይ ብርጭቆ ላይ ይሙቅ።

አሁን ሰዓቱን አስቡት። ክንድ ላይ የተነካ ንክኪ በፈጣኑ ነርቭ በኩል ወዲያው ይደርሳል። የስሜቱ መልእክት ግን በዘገምተኛው ነርቭ ክንዱን አልፎ አከርካሪ እስኪደርስ ብቻ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይወስድበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዐይን የነካውን ሰው ፊት አይቶ፣ ጆሮ ድምፁን ሰምቶ፣ አንጎል "ይህ ወዳጅ ነው፣ ይህ ባዕድ ነው፣ ይህ ተቆጥቷል" ብሎ ጨርሷል። ዘገምተኛው መልእክት የሚደርሰው የተዘጋጀ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ በፍርሃት ከተሞላ ያው መዳበስ ያስበረግጋል፤ በመተማመን ከተሞላ ያስተኛል። ቆዳው ላይ የሆነው ነገር በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው።

ከጆሮ እንጀምር፤ ሰው አብዝቶ የሚዘነጋው እሱን ነውና። የፊንላንድ ተመራማሪዎቹ ቬይኮ ዩስማኪና ሪታ ሃሪ እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ ቀላል ሙከራ አሳተሙ። ሰዎች መዳፋቸውን እርስ በርስ ሲያሹ ድምፁ በማይክራፎን ተቀድቶ እዚያው በጆሮ ማዳመጫ ተመልሶ ይሰማቸዋል። ከድምፁ ውስጥ ቀጭኑ ክፍል፣ ማለትም ከ2,000 ኸርዝ በላይ ያለው፣ ከፍ ሲደረግ ሰዎቹ እጃቸው ደርቆ እንደ ብራና የሆነ መሰላቸው። እጁ ያው እጅ ነው፤ የተለወጠው ድምፁ ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ብራናን ከመጽሐፍ ቤት ስለምናውቀው ምሳሌው ቶሎ ይገባናል። በደንብ የተፋቀ ብራና ሲገለጥ የሚሰማው ኮሽታ ነው እጃቸው ላይ የመጣባቸው።

ቤት ውስጥ ለመሞከር የመስማት ችግር ላለባቸው ሰዎች የተሠራ፣ የስልክ ማይክራፎን የሰማውን በቀጥታ ወደ ጆሮ የሚያስተላልፍ መተግበሪያ ያስፈልጋል። ማዳመጫው ባለ ገመድ ይሁን። ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገየዋል፤ ድምፅና ንክኪ አብረው ካልደረሱ አንጎል "ሁለቱ አይዛመዱም" ብሎ ይለያቸዋል፣ ሙከራውም ይከሽፋል። ስልኩን ከመዳፋችሁ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ እጃችሁ ደረቅ ይሁን፤ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል እሹ። መጀመሪያ ድምፁን እንዳለ፣ ቀጥሎ ቀጭኑን ክፍል ከፍ አድርጋችሁ፣ በመጨረሻ ዝቅ አድርጋችሁ ስሙት። ስልክ የሌለው ሰው ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ቢያሽ ልዩነቱ ትንሽም ቢሆን ይታወቀዋል፤ መዳፉ ልሙጥ ይሆንበታል። እጁን ቅባት የተቀባ ሰው ግን አይሞክር፤ ቅባት የሚታሸውን ቆዳ ድምፅ ያጠፋዋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ማሲሚሊያኖ ዛምፒኒና ባልደረቦቹ በኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ ያንኑ አሳዩ። የብሩሹ ድምፅ ዝቅ ሲል ወይም ቀጭኑ ክፍል ሲቀነስ ሰዎች መቦረሹ ለስላሳና ደስ የሚል ሆኖ አገኙት። ሌሎች ደግሞ ክንድ በማሽን በሚንቀሳቀስ ብሩሽ እየተዳበሰ ሙዚቃ ሲለዋወጥ፣ የዜማው ጠባይ ወደ ንክኪው እንደሚጋባ አሳይተዋል። ይህ ሁሉ ወደ ሥራ ሲመለስ አንድ ነገር ይላል። ሰው የምትነኩ ከሆነ ቀጭን፣ ድንገተኛ፣ የሚሰነጥቅ ድምፅ አጥፉ። የብረት ሳህን ላይ መቀስ መጣል፣ ፕላስቲክ ከረጢት ማንኮሻኮሽ፣ በር ማጋጨት፣ ሁሉም እጃችሁን ያሻክሩታል።

ስለ ወጌሻም አንድ ነገር ልበል፤ ጉዳዩ የጆሮ ስለሆነ። የተጎዳ ሰው "ቀጭ" ካላለ የታሸ አይመስለውም። ያ ድምፅ የሚመጣው በመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ግፊት ሲቀንስ ከሚፈጠር የጋዝ አረፋ ነው እንጂ አጥንት ቦታው ከመግባቱ አይደለም። ድምፁ ግን ለታሸው ሰው "ተስተካከለ" የሚል እፎይታ ይሰጠዋል። እፎይታው እውነተኛ ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም። አጥንቱ የተሰበረ ከሆነ "ቀጭ" ብሏል ብሎ መተው አደገኛ ነው። በቀርከሃ ጠብቆ ከታሰረ በኋላ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ ሰውየውም ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ። ደም ያጣ እጅ ጊዜ አይሰጥም።

ወደ ዐይን ስንመጣ ከሁሉ የሚገርመው የጎማ እጅ ሙከራ ነው። ማቲው ቦትቪኒክና ጆናታን ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ነው፤ በቤት ዕቃ ይሠራል። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የጎማ ጓንት፣ የሚሞላበት ጥጥ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ካርቶን፣ ሁለት አንድ ዓይነት ትንንሽ የቀለም ብሩሽና አንድ ጋቢ አዘጋጁ። ጓንቱን በጥጥ ሞልታችሁ አንጓውን ቋጥሩት። ተሞካሪው ቀኝ እጁን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፍ፤ ካርቶኑ እጁን ከዐይኑ ይጋርደው። ጓንቱን ከካርቶኑ ወዲህ፣ ዐይኑ ፊት፣ ከእውነተኛው እጅ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ በተመሳሳይ አቅጣጫ አስተኙት። ጋቢውን ከትከሻው እስከ ጓንቱ አንጓ አልብሱት፤ ክንዱ ከጓንቱ ጋር የተያያዘ መምሰል አለበት። ከዚያ ረዳቱ የጓንቱንና የእውነተኛውን እጅ ያንኑ ጣት፣ በዚያው ቅጽበት፣ ወደዚያው አቅጣጫ ይቦርሽ። ተሞካሪው ዐይኑን ከጓንቱ አይንቀል።

ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ብዙ ሰው "የሚሰማኝ እዚያ ነው" ብሎ ጓንቱን ያሳያል። አንድ ሰው ድንገት ድንጋይ አንሥቶ ጓንቱ ላይ ሊጥል ቢመስል ተሞካሪው ይሸማቀቃል። የሚያበላሹት ነገሮች ይታወቃሉ። የቀኝ እጅ ቦታ ላይ የግራ ጓንት ካስቀመጣችሁ፣ ጓንቱ ተጣሞ ወይም ጣቶቹ ወደ ተሞካሪው ዞረው ከተኛ አይሠራም። አንዱ ብሩሽ ከሌላው ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ይፈርሳል። ረዳቱ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሳያዛንፍ የሚቦርሽ ከሆነም ስሜቱ ይዳከማል፤ አንዴ ረጅም፣ አንዴ አጭር፣ አንዴ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ይቦርሽ። ምንም የማይሰማቸው ሰዎችም አሉ፤ ያ የሙከራው ጥፋት አይደለም። ከላይ ባልነው በሰከንድ 3 ሳንቲ ሜትር ፍጥነት ቀስ ብሎ ሲቦረሽ ደግሞ "የራሴ እጅ ነው" የሚለው ስሜት ከፍ እንደሚል በኋላ የተሠሩ ሙከራዎች አሳይተዋል። ደስ የሚል ንክኪ አካላችንን የራሳችን ያደርግልናል ማለት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ዐይን የነኪውን ማንነትም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ወንዶች የአንጎል ምስል በሚያነሣ ማሽን ውስጥ ተኝተው እግራቸው ይዳበስ ነበር። በሚታያቸው ቪዲዮ ላይ አንዴ ሴት፣ አንዴ ወንድ ቀርቦ የሚነካቸው ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ሁልጊዜ የምትነካቸው አንዲት ሴት ነበረች። ወንዶቹ የሚነካን ወንድ ነው ባሉ ጊዜ አልወደዱትም። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ልዩነቱ የታየው "ማሰቢያ" በሚባለው ክፍል ብቻ ሳይሆን ንክኪን መጀመሪያ በሚቀበለው የአንጎል ክፍልም ጭምር ነው። ንጹሕ የቆዳ መልእክት መጀመሪያ ይደርሳል፣ ፍርድ በኋላ ይጨመርበታል የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ይናጋል። በአማርኛ "ልቤን ነካው"፣ "ዐይኑ ገረፈኝ" ስንል ዘይቤ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጤና ኬላ ላይ ይመስለኛል፤ ክትባት በሚሰጥበት ጠዋት። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም ልበል።

መርፌ ሲገባ ማየት ሕመሙን ያስከፋል። የራሱን እጅ በሚመስል እጅ ላይ መርፌ ሲገባ ያየ ሰው፣ በዚያው ቦታ የጥጥ እንጨት ሲነካ ካየ ሰው ይልቅ ሕመሙን ይጠላዋል። በሌላ በኩል መርፌ የሌለበትን የራስን እጅ ማየት ሕመምን ትንሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ለአዋቂ "ዞር በል" ብቻ ማለት ግማሽ ሥራ ነው። የሚወጋውን ቦታ በነጠላ ጠርዝ ጋርዱና ሰውየው የዚያኑ እጅ ጣቶች ይይ።

ለሕፃን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ምክር አለ፤ ብዙ ቦታ ግን ሲሠራበት አይታይም። እናት ልጇን ታቅፋ ትቀመጥ፤ ጠረጴዛ ላይ አንጋልሎ መያዝ ልጁን ያስደነግጠዋል። ጡት ከመወጋቱ በፊት ይጀምር፣ እየተወጋም ይቀጥል። መርፌው ከገባ በኋላ የሲሪንጁን መግፊያ ወደ ኋላ ስቦ ደም መፈተሽ አያስፈልግም፤ ሕመሙን ያራዝመዋል። ከአንድ በላይ የሚወጋ ከሆነ አብዝቶ የሚያመው መጨረሻ ይሁን። የቃሉ ነገርም በምክሩ ውስጥ አለ። "ምንም አያምም" ብሎ መዋሸትም፣ "አሁን ያቃጥልሃል" ማለትም ቀርቶ በለዘበ ድምፅ "ይኸው፣ አሁን ነው" ማለት ይሻላል።

በዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። ሲሪንጁ ከላስቲኩ የሚወጣው፣ ክትባቱም የሚሞላው እናትየዋ ከመጠራቷ በፊት ወይም ከጀርባዋ ይሁን። ትልልቆቹ ልጆች ላስቲኩ ሲቀደድ የሚሰማውን ድምፅ ያውቁታል፤ ገና ሳይነኩ ጡንቻቸው ይጠነክራል፤ የጠነከረ ጡንቻ ሲወጋ ይብስ ያማል። ወረፋው ከበሩ ይራቅ፤ የአንዱ ልጅ ልቅሶ ለሚቀጥለው ልጅ እንደ መርፌ ነው። አልኮል ከተቀባ እስኪደርቅ ይጠበቅ። ሳይደርቅ ከተወጋ ያቃጥላል፤ ልጁም ማቃጠሉን ከነጩ ጋዋን ጋር አያይዞ ይይዘዋል። ባለሙያዋም ጭኑን ከመያዟ በፊት ሞቅ ባለ እጅ እግሩን ትንካው፣ "ማሙሽ" ትበለው፣ ፊቷን ያሳየው። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ወላጆችም ከልባችሁ ስሙኝ። "ካላረፍህ መርፌ አስወጋሃለሁ" ማለትን እባካችሁ ተዉት። ልጁ ጤና ኬላ ሲደርስ መርፌው በጆሮው ከገባ ዓመት ሆኖታል። ባለሙያዋ የፈለገ ለስላሳ እጅ ቢኖራት ያን ፍርሃት በአንድ ጠዋት አትነቅለውም።

ማዘልን ደግሞ እንየው። አንቀልባ ላይ ያለ ሕፃን ሦስቱንም መንገድ በአንድ ጊዜ ያገኛል። ደረቱና ሆዱ የእናቱ ጀርባ ላይ ተለጥፏል፤ ሙቀት አለ። ጉንጩ ጀርባዋ ላይ ስላረፈ "እሹሩሩ" ስትል ድምፁ በአየር ብቻ ሳይሆን በሥጋና በአጥንት በኩልም ይደርሰዋል፤ በዚያ መንገድ የሚደርሰው ወፍራሙ ክፍል ስለሆነ የታፈነና ለስላሳ ነው። ዐይኑን ደግሞ ነጠላው ጋርዶለታል። ከኋላ የምትመታው መታ መታ ከዜማው ጋር አንድ ላይ ሲወድቅ ቆዳና ጆሮ አንድ ነገር ይናገራሉ። ልጅ አልተኛ ሲል የሚታየው ስሕተት ይህን ማፋለስ ነው። በአፍ ቀስ ያለ እሹሩሩ እየተባለ በእጅ ፈጠን ፈጠን ተደርጎ ይመታል። ልጁ የሚያምነው እጁን ነው፤ እጁም "ቸኩያለሁ" ይላል። መምቻውን ከዜማው ጋር አስማሙት። ዜማውንም ከመነሻው በየጥቂት ደቂቃው ዝግ እያደረጋችሁ ውሰዱት።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የጃፓን ጥናት ጠቃሚ ቁጥር አለው። የሚያለቅስን ሕፃን አቅፎ ለ5 ደቂቃ ያለማቋረጥ መራመድ ያረጋጋዋል፤ ብዙዎቹም ይተኛሉ። ከተኛ በኋላ ወዲያው ማስተኛት ግን ስሕተት ነው፤ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ቁጭ ብሎ እንደያዙ መቆየት ያስፈልጋል። ልጁ የሚነቃው ጀርባው አልጋ ሲነካ ሳይሆን ሰውነቱ ከያዘው ሰው መላቀቅ ሲጀምር ነው፤ የልብ ምቱ ያኔ ይለወጣል። እኛ ዘንድ ይህ የአንቀልባ መፍታት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ይርዳ፤ ማንጎራጎሩ ሳይቋረጥ ይፈታ፤ ልጁ ሲወርድ ያችው ነጠላ አብራው ትውረድ፤ የእናቱ እጅ ደረቱ ላይ ጥቂት ይቆይ። ዜማው መጨረሻ ይቁም፣ ከእጁም በኋላ።

ለቅሶ ቤት ላይ ብዙ አልልም፤ የአገራችን ሰው ያውቅበታል። ትከሻ ይዞ "እግዚአብሔር ያጥናህ" ሲባል ድምፁ ዝቅ፣ እጁ ጸና ይላል። ጉርሻም እንደዚሁ ነው። "በሞቴ" ከሚል ድምፅና ዐይን ከሚያይ ፊት ጋር ሲመጣ ከንፈር የነካው እጅ ፍቅር ይሆናል፤ ዞር ብሎ ከሌላ ሰው ጋር እያወሩ ሲያጎርሱ ግን ያው እንጀራ ብቻ ነው።

መጨረሻ ያደረግሁት ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ጉዳይን ነው። በአማራ ክልል በትራኮማና በዐይን ሞራ ብርሃናቸውን ያጡ ብዙ አረጋውያን አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያጥባቸው፣ የሚያለብሳቸው የቤት ሰው ነው። ለእነሱ ዐይን የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ስለሌለ ሥራው ሁሉ የጆሮ ነው። ዝም ብሎ የመጣ እጅ፣ የልጃቸው እጅ እንኳ ቢሆን፣ መጀመሪያ ባዕድ እጅ ነው። ስለዚህ ገና በር ላይ ሳላችሁ ተናገሩ። "እማማ፣ እኔ ነኝ፣ ልጥብዎት መጣሁ" በሉ፤ ስማችሁንም ጨምሩ። እየተናገራችሁ ቅረቡ፤ ድምፃችሁ ከየት በኩል እንደመጣ ያውቁ ዘንድ ከፊት ለፊት ወይም ደህና ከሚሰማው ጆሮ በኩል። መጀመሪያ የሚነካው የእጃቸው ጀርባ ይሁን፤ ፊትና አንገት ኋላ ይመጣሉ። እጃችሁን አንዴ ካሳረፋችሁ እስክትጨርሱ ቢያንስ አንዱ እጅ ከሰውነታቸው ባይነሣ ጥሩ ነው፤ እየተነሣ በሌላ ቦታ የሚያርፍ እጅ በየጊዜው እንደ አዲስ ያስደነግጣል።

እግር ስታጥቡ ውኃው በክርናችሁ ተለክቶ ለብ ያለ ይሁን። ሳፋውን ወለሉ ላይ ስታስቀምጡ አታጋጩት። ማሰሮውን ወይም ጆጉን አዘንብላችሁ መጀመሪያ ጥቂት ውኃ ሳፋው ውስጥ አፍስሱ፤ ይስሙት። "ይኸው ውኃው" በሉ። ከዚያ ጣታቸውን በእርጥብ መዳፍ ያዙ፣ ቀጥሎ ተረከዛቸውን ደግፋችሁ እግራቸውን ወደ ውኃው አውርዱ፤ ውኃውንም ከቁርጭምጭሚት ወደ ታች ቀስ እያላችሁ፣ እያወራችሁ አፍስሱ።